የቢተው ሽጉጥ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ

የካቲት 14 ቀን 2011፣ መካነ ሰላም

ደብተሩን የገዛሁት ለሥራ ነው። የሽጉጥ ቁጥርና ዓይነት ብቻ ልጽፍበት አስቤ ነበር። ግን ደስታዬን እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ዛሬ ረፋድ ላይ አንድ የስፌት መኪና ፈትቼ ዘይት ስቀባ ሐረግ የምትባል ልጅ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም መጣች። በሩ ላይ ቆማ «ሃምሳ አለቃ አሕመድኑር እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ሃምሳ አለቃ! በዚህ ከተማ ሰው የሚያውቀኝ የስፌት መኪና ጠጋኙ እየተባልኩ ነው። ማዕረጌን ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።

ወረዳው የአርበኞች መታሰቢያ ክፍል ሊከፍት ነው። ከጣሊያን የተማረኩና ከዚያ ወዲህም መኮንኖች የታጠቋቸው አሮጌ ሽጉጦች ከየቤቱ እየተሰበሰቡ ነው። የቱ እውነተኛ እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ የየትኛው ሠራዊት እንደነበረ መርምሮ የሚፈርም ሰው ይፈለጋል። ክፍሉ ሚያዝያ 27፣ በድል በዓል ቀን ይከፈታል።

«ጊዜ ይኖርዎታል ጋሼ?» አለችኝ።

«ልጄ፣ ከ1983 ጀምሮ ያለኝ ጊዜ ብቻ ነው።»

አሥራ ሰባት ዓመት በመሣሪያ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ሠራዊቱ ሲበተን ቁልፌን አስረክቤ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ሽጉጥ አልነካሁም። እጄ ይረሳ ይሆን? ወላሂ አይረሳም።

ልጄ ፊርደውስ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሐረግ እንደሄደች «አባዬ፣ ብዙ ማንበብ አለው እንዴ ሥራው?» አለችኝ። ለምን እንደጠየቀችኝ እንጃ።


የካቲት 20

አምስት ሽጉጥ መረመርኩ!

ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ፖሊሱ አስናቀው በሩ ላይ ቆሟል፤ መሣሪያ ባለበት እሱ አይጠፋም። መጀመሪያ ካዝናውን ማውለቅ። ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ትንሿን ጣት ጥይት መጉረሻው ውስጥ መክተት። ዓይን ይሳሳታል፤ ጣት ባዶ ነው ካለ ባዶ ነው። የድሮ አለቃዬ እንዲህ ስላስተማረኝ ነው በጣቴ የማየው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ሌላው ደንቤ ደግሞ ስመረምር መሣሪያ ከእጅ እጅ አይዞርም። እኔ እይዛለሁ፣ እኔ እናገራለሁ፣ ሐረግ ትጽፋለች። ሲያልቅ መምቻውን አውጥቼ ለአስናቀው አስረክባለሁ፤ ከዚያ በኋላ አይተኩስም።

ነጋዴው ኪዳነማርያም በብር የተለበጠ ሽጉጥ አምጥቶ «ለአያቴ ከቤተ መንግሥት የተሸለመ ነው» አለ። ቢሮው ሁሉ ተሰብስቦ አደነቀ። እኔ ቀጭን ሽቦ ላይ ጥጥ ጠምጥሜ አፈሙዙ ውስጥ አስገባሁና ቀስ ብዬ ጎተትኩት። እውነተኛ አፈሙዝ ውስጡ ጥምዝ መስመር አለው፤ ጥጡን ይዞ ያዞረዋል። ይሄ ግን እንደ ውኃ ቧንቧ ልሙጥ ነው።

«አቶ ኪዳነማርያም፣ ጌጥ ነው። ሽጉጥ ሆኖ አያውቅም።»

ኋላ ራሱ ሳቀና «አያቴ እኮ በሽጉጡ አንድም ቀን ተኩሶ አያውቅም ይባል ነበር» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ከሰዓት ድረስ ወሬው ገበያውን ሞላው።

ወደ ቤት ስሄድ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ቡቲኩ በር ላይ ለቆመ ሰው ሁለት ጊዜ ሰላምታ ሰጠሁት፣ አልመለሰም። ጠጋ ስል የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ነው። በዚህ ዘመን ሰው አስመስለው ይሠሯቸዋል።


የካቲት 28

ሦስት ሽጉጥ። አንዱ ስድስት ጎራሽ፣ የጣሊያን። እጀታው ድንቅ። ቁጥሩ ደብዝዟል። የሁሉም ቁጥር ደብዝዟል። ዝገት ነው።

ሐረግን አምፖል ቀይሪ አልኳት። ቀየረች። ለውጥ የለም። ኃይሉ ደካማ ነው።

ፊርደውስ ሰሞኑን ዝርክርክ ሆናለች። የመኪናዎቹን መርፌ ሁሉ ክር አስገብታባቸው ትታቸው ትሄዳለች። ልቆጣት ነበር፤ ግን ሥራ ስለሚያቀልልኝ ተውኳት።


መጋቢት 6

ከአቀስታ ማዶ ካለ የገጠር ቀበሌ አስቻለች የምትባል ሴት መጣች። በድምፅዋ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ሽጉጡን በገብስ ዱቄት ስልቻ ውስጥ ደብቃ ሁለት ሰዓት በእግር መጥታ ነው ሚኒባስ የተሳፈረችው።

«ሰው ሁሉ መሣሪያሽን ሊነጥቁሽ ነው አለኝ። እናቴ ናት ግድ የለም ሂጂ ያለችኝ» አለች።

ታሪኩ ይህ ነው። የእናቷ የእማማ ብርሀንነሽ አባት ቢተው የሚባል ገበሬ ነበር። በ1930፣ በጣሊያን ጊዜ፣ እህል ሊዘርፍ ከመጣ መኮንን ጋር ገደል አፋፍ ላይ ተናንቆ ሽጉጡን ቀማው። ሰውየውን ግን አልገደለውም። «እናት ይኖረዋል» ብሎ ለቀቀው። በዚህ ምክንያት አገሩ አያምነውም። ጣሊያን ይዞ የለቀቀ ማን አለ? ኋላ ከነጋዴ ገዝቶት ነው ይላሉ። እማማ ብርሀንነሽ ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ ኖረዋል።

«አሁን መካነ ሰላም የሚያውቅ ሰው ተገኘ ሲባል፣ ሳልሞት እውነቱን አስነግረሽ አምጪልኝ አለችኝ» አለች አስቻለች።

ዱቄቱን ጠረግኩ። ቤሬታ ነው፤ እጄ እንደገባ አወቅኩት፣ አጭር፣ ክብደቱ ወደ እጀታው። ጣሊያኖች የተሠራበትን ዓመት በራሳቸው አቆጣጠር የላይኛው ብረት ላይ ይቀርጹታል። ወደ መስኮቱ አዞርኩት። አቀረብኩት። አራቅኩት።

1957።

ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የተሠራ።

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?» አለች ሐረግ።

«አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ የነበርኩ መሰለሽ?» አልኳት። ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ አስናቀው እንኳ ከበሩ ዞረ።

አስቻለች «እናቴን ምን ልበላት?» አለች።

«እውነቱን።»

«እውነቱ ውሸታም ነሽ ነው?»

ሽጉጡን ወደ ስልቻው መልሳ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ሄደች። ለክፍሉ አትሰጠውም፤ ማን ይፈርድባታል?

ሥራዬን ሠራሁ። መርማሪ ሰው ደስ አሰኛለሁ ብሎ ዓመት አይለውጥም። ኪዳነማርያምን አሳፍሬ እሷን ብምር ፍርድ አይሆንም። ብቻ ምሳዬን አልበላሁም።


መጋቢት 10

ሻይ ቤት። ቢሻው ከጀርባዬ ተቀምጦ ዳማ ሲጫወት ነበር። ቢሻውና እኔ አንድ ክፍል ነው ያገለገልነው። እኔ ስጠግን እሱ ንብረት ክፍል ሆኖ መለዋወጫ ይከለክለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ተኳርፈን ተኳርፈን እንታረቃለን። ለዚህ ሥራ ስላልተጠራ ከፍቶታል።

እዚያ መኖሬን አላወቀም መሰለኝ። ለሚጫወተው ሰው እንዲህ አለው፦ «አሕመድኑር እኮ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። ትናንት አጠገቡ ዝም ብዬ ባልፍ አላወቀኝም።»

ቅናት ነው። ሌላ ምን ይባላል?

ሻዬ ጨው ጨው አለኝ። ጨው ነው ለካ የጨመርኩበት። ዕቃዎቹን ለምን አንድ ዓይነት ያደርጓቸዋል?


መጋቢት 17

ሁለት ሽጉጥ። ቶሎ ጨረስኩ። 1957ን እያሰብኩ ነው። የተረጋገጠ ነው። ማሰብ የለብኝም።


መጋቢት 22

የአቀስታው ሚኒባስ ሾፌር አሕመዲን ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ለፊርደውስ ሲያወራ ሰማሁ።

«እዚያ ማዶ አንዲት አሮጊት አሉ፣ እማማ ብርሀንነሽ የሚባሉ። አባታቸው ከጣሊያን ቀማሁ ይል የነበረው ሽጉጥ የገበያ ነው ተባለ አሉ። መንደሩ አሁን መቀለጃ አድርጓቸዋል። የልጅ ልጆቻቸውን ‹የነጋዴው አርበኛ ልጆች› ይሏቸዋል። እሳቸውም ከቤት አልወጣም ብለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀርተዋል፣ በጾሙ።»

«ማነው ያለው የገበያ ነው ብሎ?» አለችው ፊርደውስ።

«እዚሁ አንድ የድሮ ወታደር ነው አሉ።»

ፊርደውስ ወደኔ ያየች ይመስለኛል። መኪናዋ ቆመ። ከዚያ እንደገና መስፋት ጀመረች።


መጋቢት 25

እንደሆነው ልጻፈው።

ለአንድ መኪና መለዋወጫ ላዝዝ ብዬ ፊርደውስ ቁጥሩን ስልክ ላይ እንድትነግር እያነበብኩላት ነበር። «አምስት፣ ሁለት፣ አምስት» አልኳት። መጥታ ከትከሻዬ በላይ አየችው። «አባዬ፣ ሦስት ነው እኮ። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት።» ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ለልጅ እንደሚነገር።

ሦስት። አምስት ያልኩት ሁሉ ሦስት ነው።

1937።

1937 ከሆነ በኛ 1929 ነው። ጣሊያን እዚሁ እያለ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለማንም ያልተናገርኩት። ያን ቀን አውራ ጣቴ ከዓመቱ ቀጥሎ ሌላ የተቀረጸ ነገር ዳስሷል። ጣሊያኖች በዚያ ዘመን ከዓመቱ ጎን ፓርቲያቸው ሥልጣን ከያዘ ስንተኛ ዓመት እንደሆነ በሮማውያን ፊደል ይጨምሩ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቀርቷል። ይህን ከፊደል ቆጠራ እኩል አውቀዋለሁ። ጣቴ ነገረችኝ፣ እኔ ግን ዓይኔን ሰማሁ። የማያየውን ዓይኔን።

ያ አላህ! ሰውየው ጠላቱን ማረ። እኔ እሱን በመቃብሩ አልማርኩትም።


መጋቢት 26፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

ሐረግ ጋ ሄጄ ነገርኳት። ዝገት ቁጥሩን አሳስቶኝ ይሆናል ብዬ ነው የነገርኳት። ወደ አቀስታ መሄድ አለብኝ አልኩ። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

ፊርደውስ ደግሞ ጠዋት ላይ «አባዬ፣ ደሴ የዓይን ሕክምና አለ። ሞራውን በአንድ ቀን ያነሱታል» አለችኝ። ጮህኩባት። ስንት ዓመቴ ነው በልጄ ላይ ከጮህኩ?

እናቴ ሞራ ነበረባት። ገበያ ላይ የመጣ አንድ ሰው በወስፌ መሰል ነገር ነካካላት። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ራሷን ይዤላት ነበር። አንድ ቀን አየች። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ዓይኖቿ ጠፉ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት እየመራኋት ኖርን። ራሷን የያዘው እጅ ይኸው አሁን የሚጽፈው ነው።

ፊርደውስ ይህን አታውቅም። ለምን እንደጮህኩ አታውቅም።


መጋቢት 30፣ አቀስታ

ሚኒባሱ ውስጥ ማን ቁጭ ብሎ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? ቢሻው! ፊርደውስ ነግራው።

«ማን ና አለህ?» አልኩት።

«ማን ተው አለኝ?» አለ። ለሁለት ለሦስት ሰዓት ሳንነጋገር ተጓዝን። ከአቀስታ በኋላ የእግር መንገዱ ላይ ክንዴን ያዘኝ። ልነጥቀው ነበር። ከዚያ ድንጋዩ አደናቀፈኝና ተውኩት። ብርዱ ጋቢ ሰንጥቆ ይገባል።

እማማ ብርሀንነሽ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። መኪና ጠጋኙ መጣ ተብሎ ጎረቤት ሁሉ ግቢውን ሞላው፤ ሊስቁብኝ ይሁን ሊስቁባቸው እንጃ። አስቻለች ሽጉጡን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሰላምታዬን አልመለሰችም።

ካዝናውን አወለቅኩ። በጣቴ ባዶነቱን አየሁ። ከዚያ ፊርደውስ የልብስ ንድፍ የምታወጣበትን ስስ ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ብረቱ ላይ ለጠፍኩና በእርሳስ ጎን ቀስ ብዬ ፈገፈግኩት። የተቀረጸው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ዙሪያው ይጠቁራል። ወረቀቱን ለቢሻው ሰጠሁት።

«ጮክ ብለህ አንብብ» አልኩት።

መነጽሩን አደረገ። «አንድ። ዘጠኝ። ሦስት። ሰባት።»

«ሦስተኛውን ድገመው።»

«ሦስት ነው አልኩህ! ቀጥሎ ኤክስ አለ፣ ከጎኑ ቪ።»

አሥራ አምስት ማለት ነው። አሥራ አምስተኛው ዓመት፤ ከ1937 ጋር ልክ የሚገጥም። ሽጉጡን አዙሬ ጎኑን ዳሰስኩት። እዚያም የተቀረጸ ነገር አለ፤ ሌላ ወረቀት ለጠፍኩ።

«ዘውድ» አለ ቢሻው። ድምፁ ተለወጠ። «ከዘውዱ ሥር አር እና ኢ። አሕመድኑር፣ ይሄ የጣሊያን ንጉሥ ጦር ማኅተም ነው። ንብረት ክፍል እያለሁ ሁለት እንዲህ ያለ ነበረኝ።»

ተነሣሁ። ወታደር ሆኜ ለመቆም ሞከርኩ። «እማማ ብርሀንነሽ፣ የመንደሩም ሰው፣ ስሙኝ» አልኩ። «ይህ ሽጉጥ ከፋብሪካው የወጣው በኛ በ1929 ነው። የያዘው የጣሊያን ጦር ነው። ለገበያ የተሠራ ቢሆን ዘውዱ አይኖርበትም ነበር። የእማማ አባት የተናገሩት ከዚህ ብረት ጋር አንድም ቦታ አይጣላም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ብረቱ አልዛገም። መብራቱም ምንም አልሆነም። ዓይኔ ነው። አላይም።»

እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ግቢው ተናወጠ። አስቻለች እጄን ይዛ ሳመችው። ልነጥቃት ብል ጠንካራ ናት።

እማማ ብርሀንነሽ ግን አላለቀሱም። እልልታው እስኪበርድ ጠበቁና «አንተ ልጅ፣ ቅረብ» አሉኝ። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቀረብኩ።

«አባቴ ያንን ሰው ሲለቀው አይቻለሁ። አምስት ዓመቴ ነበር። ማየቴን ማንም አላመነኝም። ዛሬ ግን አመኑኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሽጉጡን ለክፍላችሁ እሰጣለሁ። በዚህ ሰውዬ ዓይን ግን አይደለም። አንተው በራስህ ዓይን አንብበህ ትፈርማለህ።»

«እማማ፣ እንደነገርኩዎት ዓይኔ…»

«ደሴ ያነሱታል። እኔ ሁለቱንም አስነስቻለሁ፣ በሰማንያ ዓመቴ። ያንተ ጋቢ ጥለቱ ላይ ዘይት ነክቶታል፤ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቢሻው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስለ እናቴ ነገርኳቸው፣ እዚያው፣ ስለ ወስፌው፣ ራሷን ስለያዝኩት። እማማ ብርሀንነሽ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ልጅ ነበርክ። አሁን ግን ሽማግሌ ነህ፤ አብሽር፣ ሂድ» አሉኝ።


ሚያዝያ 9፣ ደሴ

ይህን የምጽፈው እኔ ፊርደውስ ነኝ። አባዬ ዓይኑ ተሸፍኗል፤ እሱ ይናገራል እኔ እጽፋለሁ።

የቀኙን ነው ያነሱልኝ። ካሰብኩት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የወሎ ሰው። «አባባ፣ ሽጉጥ ነው አሉ የሚመረምሩት፣ እንዳይተኩሱብኝ» አለችኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ነገ ሽፋኑ ይነሣል። ካላየሁ ማንንም አልወቅስም፣ ብለሽ ጻፊ።

(አባዬ እጄን ይዞ ነው የሚናገረው። ስለ አያቴ ዛሬ ነገረኝ። ይህን ጻፊ አላለኝም።)


ሚያዝያ 10፣ ደሴ

አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!

በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። መስመሩ ይታየኛል። ደብተሩ ሰማያዊ መስመር አለው ለካ!

ሐኪሟ ሽፋኑን ስታነሣ መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር፣ እንደ ታጠበ ነገር። ከዚያ ግድግዳ። ከዚያ አንድ ሽበት የበዛባት ሴት እያለቀሰች። ማን ናት አልኩ በልቤ። «አባዬ» አለች።

ልጄ ሸብታለች። መቼ? አጠገቤ ተቀምጣ ስትሰፋ፣ መርፌ ሁሉ ክር ስታስገባልኝ፣ ስጮህባት። ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ አየሁት። ሌላ ሰው ሞራ ሲነሣለት ምን እንደሚያይ አላውቅም። እኔ ያየሁት ምን ያህል እንዳላየሁ ነው።

ይቅር በይኝ አልኳት። «እንዴ አባዬ፣ ቆንጆ ነሽ በለኝ እንጂ» አለችኝ። ቆንጆ ናት፤ ቁርጥ እናቷን ናት።


ሚያዝያ 17

ሐረግን የመረመርኳቸውን ሁሉ እንደገና አምጪልኝ አልኳት። «ከባዶ ልንጀምር ነው ጋሼ? ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረንም» አለች። አዎ፣ ከባዶ። ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራን። አሥራ ዘጠኝ ሽጉጥ ናቸው። አሥራ ስድስቱ ልክ ነበሩ፣ ጣቶቼ ናቸው ያዳኑኝ። በሁለቱ ላይ ቁጥር ተሳስቼ አጽፌ ነበር። አንዱን የጣሊያን ያልኩት ስድስት ጎራሽ የእንግሊዝ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱንም በቀይ ሰርዤ አርሜ፣ «ስህተቱ የመርማሪው ነው» ብዬ ፈረምኩ። ሐረግ እንዲህ ብሎ መጻፍ አያስፈልግም አለች። ያስፈልጋል አልኳት።

ቢሻውን ረዳት አድርጌ አስመዘገብኩት። በማግስቱ ከረባት አሥሮ መጣ። ንብረት ክፍል እንደነበረው ሁሉ ለእያንዳንዱ ካርድ ጽፎ አሠረበት። መለዋወጫ ሲከለክለኝ የኖረ ሰው ዛሬ ምን ላምጣልህ ይለኛል።


ሚያዝያ 27

ከየት ልጀምር? ከጠዋቱ።

ክፍሉ ገና ሳይከፈት ሰው እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። ከገጠር ቀበሌዎች በጭነት መኪና የመጣ አለ፣ ከደጎሎ ሳይቀር። ቄሱም ሼኹም መርቀው ከፈቱት። ኪዳነማርያም በብር የተለበጠውን ጌጡን ጭምር አምጥቶ «ውሸተኛውም ይታይ፣ ሰው ልዩነቱን ይወቅ» ብሎ ሰጠ፤ ለብቻው መስታወት ውስጥ አስቀመጥነው። ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚከበው እሱን ነው።

አምስት ሰዓት ላይ እማማ ብርሀንነሽ በአሕመዲን ሚኒባስ መጡ። ነጭ ለብሰው፣ አስቻለች ይዛቸው፣ ከኋላቸው መንደሩ። እነዚያው ሲቀልዱ የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ወንበራቸውን ተሸክሟል።

ሽጉጡን ራሳቸው ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። «በል» አሉኝ።

ካዝናውን አወለቅኩ፤ ጣቴን ከተትኩ። ከዚያ በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ወረቀት አላስፈለገኝም፣ ቢሻውም አላስፈለገኝም። የፋብሪካው ስም፣ የከተማው ስም፣ ጥቃቅኗ ሰረዝ ሳትቀር። ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሰባት አልኩ። አሥራ አምስተኛ ዓመት አልኩ። ዘውዱን አየሁት፤ ከላዩ ትንሽ መስቀል አለችው፣ ጣቴ እንኳ ያላገኛት። መዝገቡ ላይ «በቢተው ከጠላት መኮንን የተማረከ፤ ማራኪው ሰውየውን በሕይወት ለቆታል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ብረት አይመሰክረውም፤ «ምስክር፦ ብርሀንነሽ ቢተው፣ በዓይናቸው ያዩ» ብዬ ጨመርኩ።

ሐረግ ስታነብላቸው እማማ «የኔን ስም ነው የጻፈው?» አሉ። አዎ አለቻቸው። አንድ ጊዜ እንደገና አስነበቧት። ከዚያ፣ ያን ቀን በግቢያቸው ያላለቀሱት፣ እዚህ አለቀሱ። አስቻለች ዳቦ ቆረሰችና የመጀመሪያውን ቁራሽ እኔን አጎረሰችኝ።

ከሰዓት ሁሉ ሰው አይጎድልም ነበር። ፊርደውስ ለማየት ሦስት ጊዜ ተሰለፈች።

ነገ ረመዳን ሊገባ ነው፤ ጨረቃ ይጠበቃል። ፀሐይ እንደጠለቀች ሰዉ ሁሉ ከመስጊዱ ወዲያ ያለው ጉብታ ላይ ወጣ። ቢሻው ክርስቲያን ሆኖ ሳለ ከረባቱን ሳይፈታ ተከተለኝ። ምዕራቡ ላይ ደመና ነበር፤ ከሥሩ ቀጭን ንጹሕ ሰማይ። ልጆቹ ስልካቸውን ያዩ ነበር። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገዋል።

አየኋት። እንደ ጥፍር ቁራጭ። ከሁሉም ሰው በፊት።

«ያቻት!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ፣ አየ፣ ተክቢራው ጉብታውን ሞላው።

ቢሻው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «የታለች?» አለኝ። «እኔ አንድም ነገር አይታየኝም።»

ክንዱን ያዝኩት። «ሐሙስ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና አለ» አልኩት።